ቅባት የያዘ መጥበሻና ያገለገለ ዘይት፦ ከሲንኩ ውጭ ምን መላ አለ?

ጠያቂ፦ ሳምቡሳ አቅራቢ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም ምድር ወለል ላይ ሲሆን፣ በጾም ወራት ሳምቡሳና ድንች እየጠበስኩ በአካባቢው ላሉ ሻይ ቤቶች አስረክባለሁ። ለጥብሱ የምጠቀመው የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነው፤ ለቤታችን ወጥ ደግሞ ከገጠር የሚላክልን የኑግ ዘይት አለ። በላያችን ያሉት ቤቶች ሁሉ የወጥ ቤት እጣቢያቸው የሚወርደው በአንድ ቱቦ ስለሆነ፣ ቱቦው በተዘጋ ቁጥር የሁላችንም እጣቢ ተመልሶ የሚገነፍለው በእኔ ሲንክ በኩል ነው። በቅርቡ የተጠራው ሠራተኛ ቱቦውን ሲከፍት ከውስጡ ያወጣው ነጣ ያለ፣ እንደ ሞራ የጠነከረ፣ የሩዝ ፍሬና የሽንኩርት ልጣጭ የተቀበረበት ቅባት ነበር። ሕንፃው ውስጥ በብዛት የምጠብሰው እኔ በመሆኔ፣ ከሌሎቹ በፊት የራሴን አሠራር ማስተካከል እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ መጥበሻዎቹ ነው። ከእናቴ ያገኘሁት ከባድ የብረት መጥበሻ፣ ሳምቡሳ የምጠብስበት ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት፣ እንዲሁም ለልጆች እንቁላል የምጠቀምበት አንድ ቴፍሎን አሉኝ። የአሉሚኒየሙ ከንፈር ላይ በላርጎም በሽቦም የማይለቅ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ቢጫ ነገር ይዟል፤ የብረቱ ጀርባ ደግሞ ጠቁሮ እየተቀረፈ ነው። አንዷ ጎረቤቴ በረኪና፣ ሌላዋ ካስቲክ ሶዳ መከሩኝ፤ ሁለቱንም ለመሞከር ፈራሁ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ጠብሼ የሚተርፈኝን ዘይት የት ላድርሰው የሚለው ነው። ወደ ሲንክ አልደፋውም፤ ደጅ ያለው ቦይም የሚያመራው ወደ ወንዝ ስለሆነ እዚያ መድፋትን ኅሊናዬ አይቀበለውም።

መልስ፦ የቧንቧ ባለሙያ

ውድ እህቴ፣ በእርስዎ ቤት በኩል የሚገነፍልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብዙ ሰው ቅባት የሚረጋው ከሲንኩ ሥር ባለችው ጉሮሮ ውስጥ ይመስለዋል፤ እዚያ ግን ገና ሞቃት ስለሆነ ያልፋል። የሚይዘው ፈሳሹ ቀዝቅዞ ፍጥነቱ በሚቀንስበት ቦታ፣ ማለትም ከላይ የሚወርደው ቁም ቱቦ ወደ አግዳሚው በሚታጠፍበት ክርን ላይ ነው፤ ይህ ክርን የሚገኘው ደግሞ ከእርስዎ ወለል በታች ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የተደፋ ትኩስ ቅባት እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ይረጋል ማለት ነው። የፓልም ዘይት ከሰውነታችን ሙቀት ዝቅ ባለ መጠን መርጋት የሚጀምር በመሆኑ፣ የአዲስ አበባ ብርድ፣ በተለይም የክረምቱና የጥቅምት ሌሊት፣ ቱቦ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል።

ሰዎች በቅን ልቦና የሚያደርጉት አንድ ነገር ጉዳቱን ሲያብሰው አያለሁ፤ እርሱም ቅባት የደፉበትን ሲንክ በፈላ ውኃ ማጥለቅለቅ ነው። የፈላው ውኃ ቅባቱን አሟሙቶ ጥቂት ሜትር ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከእጅ ከሚደረስበት ቦታ ወደማይደረስበት ያሻግረዋል። ፈሳሽ ሳሙና በብዛት መጨመርም እንዲሁ ቅባቱን ለጊዜው በውኃ ውስጥ በትኖ ይወስደዋል፤ ራቅ ብሎ ሳሙናው ሲሳሳ ግን ተመልሶ ይሰበሰባል። ካስቲክ ሶዳን በተመለከተ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። በተዘጋ ቱቦ ላይ ሲጨመር ያለውን ውኃ በኃይል ያሞቃል፣ የፕላስቲክ ቱቦን ያለሰልሳል፣ ከቅባቱ ጋር ሲገናኝም ወደ ደረቅ ሳሙናነት ለውጦ ጭራሽ ሊያጠነክረው ይችላል። ከዚያ በኋላ ቱቦውን የሚከፍተው ሠራተኛ ፊቱ ላይ የሚረጨው ያ ውኃ ነው፤ እባካችሁ፣ ጨምራችሁ ከሆነ ሠራተኛው እጁን ከማስገባቱ በፊት ንገሩት።

እንደ እርስዎ በየሳምንቱ በብዛት ለሚጠብስ ሰው የምመክረው ከሲንኩ ሥር የቅባት ማጥመጃ ማስቀመጥ ነው። ሥራው ቀላል ነው፦ እጣቢው በቀጥታ ወደ ቱቦው ከመሄድ ይልቅ ክዳን ባለው ሰፊ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይረጋጋል፤ ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ላይ ይንሳፈፋል፣ ፍርፋሪው ታች ይዘቅጣል፣ በመካከል ያለው ንጹሕ ውኃ ብቻ ይወጣል። ዋናው ብልሃት ያለው መውጫው ላይ ነው። ከውስጥ በኩል ወደ ታች የሚታጠፍ ቲ፣ ማለትም ሦስት አፍ ያለው የቱቦ ማያያዣ፣ ይገጠምለታል፤ በዚህም ውኃውን የሚስበው ከላይ ሳይሆን ከመካከል ዝቅ ካለው ክፍል ስለሚሆን ቅባቱ አያመልጥም። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ካላገኙ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጠንካራ የፕላስቲክ በርሜል በስቶ ሊገጥምልዎ ይችላል። ላይ የተንሳፈፈው ቅባትና ታች የዘቀጠው አንድ ላይ ተደምረው የዕቃውን ጥልቀት ሩብ ያህል ሲይዙ መጠረግ አለበት፤ ካልተጠረገ መኖሩ ትርጉም የለውም። ይሁን እንጂ ማጥመጃው ተጨማሪ ዘብ ብቻ ነው። ዋናው ሥራ የሚሠራው መጥበሻው ውኃ ከመንካቱ በፊት ነው፤ ቅባቱ በደረቁ ከተጠረገ ወደ ቱቦው የሚሄደው እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህርት

የመጥበሻዎቹን ጉዳይ እኔ ልሞክር። በአሉሚኒየሙ ከንፈር ላይ የያዘው ቢጫ ነገር ተራ ቅባት አይደለም። ዘይት በሳሳ ሁኔታ ተቀብቶ ደጋግሞ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሐድና ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ወደ ሙጫነት ይለወጣሉ። ሳሙና ፈሳሽ ዘይትን እንጂ እንዲህ የተያያዘውን ከቦታው አያነሣም። ሁሉም ዘይት እኩል አይጣበቅም፤ የኑግ ዘይት በአብዛኛው ሊኖሌይክ ከሚባለው ቅባት አሲድ የተሠራ በመሆኑ በቀላሉ ይደርቃል፣ ለቀለም ሥራ የሚስማማውም በዚሁ ጠባዩ ነው። የፓልም ዘይት በአንጻሩ ለመጣበቅ ይዘገያል። ስለዚህ ወጡም ጥብሱም በዚያው ድስት የሚሠራ ከሆነ፣ ሙጫውን ያመጣው ኑጉ ሳይሆን አይቀርም።

ለአሉሚኒየሙ መጀመሪያ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ሙጫው ላይ ቀብተው ያሳድሩት፤ ገና ያልጠነከረውን ክፍል ያላላዋል። ጠዋት በጋዜጣ ወይም በአሮጌ ጨርቅ በደረቁ ይጥረጉትና፣ በጥቂት ሙቅ ውኃ የተቀላቀለ ወፍራም የሳሙና ልጥፍ ቀብተው ለጥቂት ጊዜ ከተዉት በኋላ በሽቦ ይፈትጉት። አሉሚኒየም ላይ አመድ፣ ቤኪንግ ሶዳ ወይም ካስቲክ አያፍሉ። ሦስቱም አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ጠባይ ያላቸው፣ ስለሆኑ ድስቱን ያጠቁሩታል፤ ካስቲክማ አሉሚኒየሙን እየበላ በቀላሉ የሚቀጣጠል የሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። የጠቆረውን ለማፍካት የሚሻለው ውኃ ውስጥ ሎሚ ጨምቆ ወይም ጥቂት አቼቶ ጨምሮ በዚያው ድስት ማፍላት ነው።

የብረቱን መጥበሻ ግን በሌላ ዓይን ይዩት። ጥቁሩ ሽፋን በመሠረቱ ያው ሙጫ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የምንፈልገው መሆኑ ነው። እናቶቻችን ሸክላ ምጣድን በጎመንዘር ሲያሟሹ የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው፦ ቅባቱ በሙቀት ወደ ምጣዱ ገብቶ ይደርቅና እንጀራው እንዳይያዝ ያደርጋል። ምጣድን በሳሙና ዘፍዝፎ የሚያሳድር ባለሙያ እንደሌለ ሁሉ የብረት መጥበሻም ውኃ ውስጥ አያድርም። ለብ እያለ በእንጨት ማንኪያ ጥግ ጥጉን ይፋቁት፤ ደረቅ ጨው ነስንሰው በጨርቅ ያሹት፤ ጨውና ጨርቁ ቅባቱን ጠጥተው ሲያበቁ በጥቂት ሙቅ ውኃ አለቅልቀው ወዲያው እሳት ላይ ያድርቁት። ከዚያ ጣት ላይ እምብዛም በማይታይ መጠን ዘይት ይቀባል። የተቀረፈውን ጀርባ በሽቦ አንሥተው እስኪስተካከል ፈትገው ሲያበቁ፣ በሳሳ ዘይት እየቀቡና እስኪጨስ እያጋሉ እንደገና ማሟሸት ይቻላል። ይህን ሲያደርጉ መስኮት ይከፈት።

ስለ ቴፍሎኑ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሽቦ፣ አመድና ጨው አይንካው፣ ባዶውን እሳት ላይ አይቆይ። ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ መበላሸት ይጀምራል።

አሁን አጥብቄ የምናገረው ስለ በረኪናው ነው። በረኪና ጀርም ይገድላል፣ ቀለም ያነጣል፣ ቅባትን ግን አያነሣም፤ ስለዚህ ለመጥበሻ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤትዎ የመከሩዎት በመልካም አስበው መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ለእርሳቸውም ይንገሯቸው።

መልስ፦ ከለንደን

እኔ በምኖርበት ከተማ በ2017 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኋይትቻፔል በሚባለው ሰፈር ከመንገድ ሥር ባለው የፍሳሽ መስመር ውስጥ 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ገደማ ክብደት ያለው የቅባት ክምር ተገኝቶ ሠራተኞች ለሳምንታት ሲፈልጡት ነበር። ከክምሩ የተወሰደ ቁራጭ በዓመቱ በለንደን ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል። የተሠራው ከየወጥ ቤቱ ከተደፋ ቅባትና መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከሚጣል እርጥብ መጥረጊያ ጨርቅ ነው፤ ቅባቱ በፍሳሹ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ድንጋይ ሊያህል ይጠነክራል። ይህን የማነሣው የእህታችን ቱቦ ውስጥ የተገኘው ነገር የድህነት ወይም የአንድ ሕንፃ ችግር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

እዚህ ያገለገለ ዘይት ቀዝቅዞ ክዳን ባለው ዕቃ ይጠራቀምና የአካባቢ አስተዳደሮች ባዘጋጇቸው የቆሻሻ መቀበያ ጣቢያዎች ላይ ለብቻው በተቀመጠ ታንከር ይገለበጣል፤ ከዚያም ተጣርቶ ባዮዲዝል የሚባል የተሽከርካሪ ነዳጅ ይሆናል። በውጭ የምንኖር ሐበሾች ዶሮና ሳምቡሳ ለማኅበርና ለልደት በብዛት ስንሠራ ይህን አገልግሎት መጠቀም ይገባናል፤ ብዙዎቻችን መኖሩን እንኳ አናውቅም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የብረት መጥበሻውን በጨው አሽቼው ምን ያህል ቅባት ጨርቁ ላይ እንደቀረ ሳይ ገረመኝ፤ ያ ሁሉ ወደ ቱቦ ይሄድ ነበር። እንደ ለንደኑ ያለ መቀበያ በአካባቢዬ ስለሌለ፣ የተረፈውን ዘይት እኔው ራሴ ምን ላድርገው? ሰው ደግሞ ሳሙና ይወጣዋል ይላል። እስከ መቼስ ደጋግሞ መጥበስ ይቻላል? አንድ ሰው ያገለገለውን ዘይት በጄሪካን ልግዛሽ ብሎኝ ለምን እንደሚፈልገው ስጠይቀው መልስ ስላልሰጠኝ አልሸጥኩለትም።

መልስ፦ የምግብ ዝግጅት አሠልጣኝ

አለመሸጥዎ እጅግ ትክክል ነው። ለምን እንደሚውል ያልታወቀ አሮጌ ዘይት ተጣርቶ ለምግብነት ተመልሶ ሊሸጥ ይችላል፤ ዘይትዎ ወደ ሌላ ሰው ጉሮሮ እንዳይመለስ ማድረግ የእርስዎም ኃላፊነት ነው።

ጥሩ አወጋገድ የሚጀምረው ዘይቱን ቶሎ ባለማበላሸት ነው። ሳምቡሳ የሚጠበሰው ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ቴርሞሜትር ከሌለ ቁራጭ ሊጥ ሲጣል ወዲያው ዙሪያውን አረፋ ከቦት ከተነሣ ደርሷል፣ ዘይቱ መጨስ ከጀመረ ግን አልፏል። ዘይትን ከሁሉ በላይ የሚያጠቁረው ድስቱ ሥር ቀርቶ የሚያርረው የሊጥና የምስር ፍርፋሪ በመሆኑ፣ በየመሃሉ በጭልፋ ወንፊት ይልቀሙት። ሲጨርሱ ለብ እስኪል ጠብቀው በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ብርሃን በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት። ዘይት ብረት መጥበሻ ውስጥ አያሳድሩ፤ ብረት መበላሸቱን ያፋጥነዋል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕግ የተበላሹት ውሕዶች 25 በመቶ ገደማ ሲደርሱ ዘይቱ ይጣላል፤ ለዚህ መለኪያ መሣሪያ አለ። መሣሪያ በሌለበት ዓይንና አፍንጫ ይፈርዳሉ፦ ገና ሳይግል የሚጨስ፣ ላዩ ላይ የማይጠፋ ደቃቅ አረፋ የሚይዝ፣ ወፈር ያለና የሚከረፋ ዘይት አብቅቶለታል። የደከመውን በአዲስ ዘይት ማቅጠን አዲሱንም ማጥፋት ነው።

ለመጣል ሲደርሱ ዘይትዎ የሚረጋ መሆኑ ይረዳዎታል። ድስቱን በጥቂት ሙቅ ውኃ አለቅልቀው እጣቢውን በአንድ ሳፋ ያጠራቅሙትና ያሳድሩት። ጠዋት ላይ ፓልሙ በውኃው ላይ እንደ ክዳን ረግቶ ያገኙታል፤ በጭልፋ ጠርዙን ቢያነሡት በአንድ ቁራጭ ይመጣል። ከሥሩ የሚቀረው ውኃ ብቻ ወደ ሲንኩ ይሂድ። የማይረጋውን ኑግ ደግሞ ከእንጨት ቤት በሚገኝ ሰጋቱራ ወይም በቀዘቀዘ የከሰል አመድ ያስጠጡት፤ እንደ እርጥብ ሊጥ ሲሆን ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሰጣል። ፈሳሹን እንዳለ መስጠት ግዴታ ከሆነ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ክዳኑ በጠበቀ የሃይላንድ ጠርሙስ ይሁን፤ ትኩስ ዘይት ጠርሙሱን ያቀልጠዋል፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ልጆችም ያቃጥላል።

ሳሙናውን በተመለከተ፣ ይሠራል። ለ1 ኪሎ የተጣራ ዘይት 130 ግራም ገደማ ካስቲክ ሶዳና 300 ግራም ውኃ ይበቃል፤ ሁሉም በሚዛን እንጂ በግምት አይለካም። ፓልም ጠንካራ ሳሙና ይወጣዋል፣ ኑግ ብቻውን ከሆነ ግን ለስላሳና የሚያዝለገልግ ይሆናል። ጓንትና መነጽር አድርገው ደጅ ላይ ይሥሩት፤ ካስቲኩ በውኃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃው በካስቲኩ ላይ ፈጽሞ አይጨመርም፤ ዕቃው ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፣ አሉሚኒየም አይሁን። ተቆርጦ ከአንድ ወር ላላነሰ ጊዜ በአየር ላይ ይብሰል። ለልብስና ለወለል ይጠቀሙበት፤ ለፊትና ለሕፃናት ገላ አይሁን። ቤት ውስጥ ትናንሽ ልጆች እንዳሉ ጠቅሰዋልና፣ ካስቲኩን ከፍ ባለ ቦታ ቆልፎ ማስቀመጥ ካልተቻለ ሳሙናው ይቅር፤ ሰጋቱራው ይበቃል።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህርት

አንድ የተረሳ ነገር አለ። ዘይት የጠጡ ጨርቆችና ጋዜጦች፣ በተለይ የኑግ ዘይት ከሆነ፣ ተጠቅልለው ከተከመሩ ሲደርቁ የሚያመነጩት ሙቀት መውጫ አጥቶ ራሳቸው ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። ስለዚህ ዘርግተው ደጅ ያድርቋቸው ወይም ውኃ አርከፍክፈው ላስቲክ ውስጥ ይቋጥሯቸው፤ ከምድጃ አጠገብ አይከማቹ። ድስት ላይ ያለ ዘይት እሳት ከያዘ ደግሞ ውኃ አይደፋበት። ውኃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ የሚነደውን ዘይት ጣሪያ ድረስ ይረጨዋል። የምድጃው እሳት ይጥፋ፣ ድስቱ በብረት ክዳን ይከደን፣ ሳይቀዘቅዝ አይነሣ።

ጠያቂዋ

የሕንፃው ኮሚቴ ማጥመጃውን ለሁሉም ቤቶች በጋራ ለማሠራት ፈቃደኛ ሆኗል። ባለሙያው ወንድሜ፣ አንድ ትልቅ ማጥመጃ ደጅ ቢሠራ ይሻላል ወይስ ለየቤቱ ትንንሽ?

መልስ፦ የቧንቧ ባለሙያ

እንደነገርኩዎት የሚዘጋው ክርኑ ላይ ነው፤ ደጅ ያለው ትልቅ ማጥመጃ ደግሞ ከክርኑ በኋላ ስለሚመጣ ዋናውን መስመርና ወንዙን እንጂ የእርስዎን ሲንክ አያድንም። ለየቤቱ ትንሽ ማጥመጃ ከተሠራ ሁለቱም ይጠበቃሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ ቤት በየጊዜው እንዲያጸዳው ያስፈልጋል። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ከእርስዎና ብዙ ከሚጠብሱት ቤቶች ይጀመር፤ ክርኑ ላይም በቁልፍ የሚከፈት የመጥረጊያ አፍ ይገጠም፣ ምክንያቱም አሁን ቱቦው በተዘጋ ቁጥር ሠራተኛው የሚሰብረው የእርስዎን ወለል ነው። ከኮሚቴው ጋር ሲነጋገሩ የመጸዳጃ ቤቱ መስመር ከወጥ ቤቱ ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ያስመርምሩ፤ አንድ ከሆነ ማጥመጃው ሁለቱ ከመገናኘታቸው በፊት መቀመጥ አለበት።